«ማንንም ሳይመታ እንዴት በፖሊስ ላይ ከባድ ጥቃት ፈጸመ ይባላል?»

ጥያቄ፦ የምንኖረው ቴክሳስ፣ ከዳላስ ወጣ ባለች ከተማ ነው። ወንድሜ ወደ አሜሪካ በግሪን ካርድ ከገባ አራተኛ ዓመቱን ይዟል። ማታ ከሥራ ሲመለስ የኋላ መብራትህ አይሠራም ተብሎ ፖሊስ አስቆመው። ከመኪናው ውረድ ሲባል ቶሎ ስላልገባው ዘገየ፤ ፖሊሱም በመስኮቱ እጁን አስገብቶ ሲጎትተው መኪናው ወደ ፊት ሄደ፤ ፖሊሱ ወድቆ ክንዱ ተላላጠ። አሁን በካውንቲው እስር ቤት ሆኖ በገዳይ መሣሪያ በመንግሥት ሠራተኛ ላይ ከባድ ጥቃት ፈጽሟል ተብሎ ተከሷል። ማንንም ሳይመታ እንዴት እንዲህ ይባላል? ሽማግሌዎችና ቄሳችን ፖሊሱን ይቅርታ ለመጠየቅ ተዘጋጅተዋል፤ ይጠቅመዋል? የተመደበለት ጠበቃ ደግሞ ነገሩ ያለ እስራት በ«ዲፈርድ አጁዲኬሽን» ሊያልቅ ይችላል ብሎናል፤ እንቀበል?

ምላሽ፦ እህቴ፣ ከጠየቁኝ ሦስት ነገሮች መካከል ቀን የማይሰጠው የሽማግሌዎቹ ጉዳይ ስለሆነ መልሴን ከእርሱ እጀምራለሁ። ሽማግሌዎቹም ሆኑ ቄሱ ወደዚያ ፖሊስ እንዳይሄዱ፣ እንዳይደውሉለት፣ መልእክትም እንዳይልኩበት ዛሬውኑ ይንገሯቸው። ይህን የምለው ልማዳችንን አቃልዬ አይደለም። በኢትዮጵያ በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 556 ንዑስ አንቀጽ 1 ቀላል የአካል ጉዳት ማድረስን የሚቀጣው የግል አቤቱታ ሲቀርብ ስለሆነ፣ ተበዳዩ በሽማግሌ ታርቆ አቤቱታውን ከተወ ጉዳዩ በዚያው ይዘጋል፤ ብዙዎቻችን «ባለጉዳዩ ይቅር ካለ ክሱ ይቀራል» ብለን የምናምነው ይህን እያየን ስላደግን ነው። በቴክሳስ ግን ከሳሹ ግዛቱ ራሱ ነው። ፖሊሱ በመዝገቡ ላይ ያለው ቦታ የምስክር ቦታ በመሆኑ ከልቡ ይቅር ቢል እንኳ ክሱን ለማንሳት የሚያስችል ሥልጣን የለውም፤ ያ ሥልጣን የዐቃቤ ሕጉ ነው።

ጉዞው ከንቱ ከመሆኑም በላይ አደጋ አለው። የቴክሳስ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 36.05 ምስክርን በጥቅም በማባበል ወይም በማስገደድ ምስክርነቱን እንዲተው ማድረግን ራሱን የቻለ ወንጀል ያደርገዋል። «ካሳ እንክፈልህና ነገሩን ተወው» የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ የሰላም ቃል ቢሆንም በዚያ ድንጋጌ ዓይን ሲታይ ለምስክር የቀረበ ጥቅም ሊመስል ይችላል፤ ተከሳሹም እንደ ላኪ ሊጠረጠር ይችላል። ከዚህ ሌላ ወንድምዎ ስለዚያ ሌሊት ለሽማግሌዎቹ የሚነግራቸውን ሁሉ እነርሱ በፍርድ ቤት ተጠርተው እንዲናገሩ ሊገደዱ ይችላሉ። ለንስሐ አባቱ ለብቻው በምስጢር የሚናገረው በግዛቱ የማስረጃ ደንብ ቁጥር 505 ጥበቃ አለው፤ ሌሎች ሰዎች ተሰብስበው በተቀመጡበት የተነገረ ነገር ግን ምስጢርነቱን ስለሚያጣ ያ ጥበቃ አይደርስለትም።

ሽማግሌዎቹ በሌላ ቦታ በእጅጉ ይፈለጋሉ። የዋስትናው መጠን እንዲቀንስ ጥያቄ በሚቀርብበት ቀን በችሎቱ መገኘታቸው፣ ወንድምዎ የት እንደሚሠራ፣ ማንን እንደሚያስተዳድርና በየትኛው ቤተ ክርስቲያን እንደሚያገለግል በጽሑፍም በቃልም ማስረዳታቸው ዳኛው «ይህ ሰው አይጠፋም» እንዲል የሚያደርግ ማስረጃ ነው። ይህንንም ቢሆን በጠበቃው በኩል ብቻ ያድርጉት። በዚህ አጋጣሚ ከካውንቲ እስር ቤት የሚደረጉ የስልክ ጥሪዎች እንደሚቀረጹ ይወቁ፤ በአማርኛ መነጋገርም መከለያ አይሆንም፣ ዐቃቤ ሕግ አስተርጉሞ ማስረጃ ያደርገዋልና። ስለ ጤናው፣ ስለ ቤተሰቡ፣ ስለ ስንቁ ያውሩ፤ ስለዚያ ሌሊት አንድም ቃል አይለዋወጡ።

ወደ መጀመሪያው ጥያቄዎ ልምጣ። በቴክሳስ ሕግ ጥቃት ለመባል መምታት አያስፈልግም። አንቀጽ 22.01 ሦስት መንገዶችን ያስቀምጣል፤ እነዚህም በሌላው ሰው ላይ የአካል ጉዳት ማድረስ፣ ወዲያው የሚደርስ የአካል ጉዳት እንደሚያደርሱበት ማስፈራራት፣ ወይም የሚያስቆጣ አካላዊ ንክኪ መፈጸም ናቸው። «የአካል ጉዳት» የሚለው ቃል በትርጓሜው አንቀጽ ሕመም መሰማትን ብቻ እንኳ ስለሚያጠቃልል፣ የተላላጠ ክንድ ያለ ጥርጥር ይበቃል። ጥቃቱ «ከባድ» የሚሆነው በአንቀጽ 22.02 መሠረት ወይ ከባድ የአካል ጉዳት ሲያስከትል፣ ወይ ደግሞ በድርጊቱ ውስጥ ገዳይ መሣሪያ ጥቅም ላይ ሲውል ወይም ሲታይ ነው። የወንድምዎ ክስ የተሰቀለው በዚህ በሁለተኛው ላይ ነው። ገዳይ መሣሪያ ማለት ጠመንጃና ሽጉጥ ብቻ ሳይሆን፣ ከአጠቃቀሙ የተነሣ ሞት ወይም ከባድ የአካል ጉዳት ሊያደርስ የሚችል ማንኛውም ነገር ነው፤ መኪና በዚህ ትርጉም ውስጥ እንደሚወድቅ የግዛቱ ፍርድ ቤቶች ደጋግመው ወስነዋል።

አሁን ቅጣቱ እንዴት እንደሚወጣ ይመልከቱ። በአንድ ተራ ሰው ላይ ሕመም ማድረስ እስከ 1 ዓመት እስራትና እስከ 4,000 ዶላር መቀጮ የሚያስቀጣ፣ እዚህ «ሚስዲሚነር» የምንለው ቀለል ያለ ወንጀል ነው። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2016 በዳላስ ከተማ 5 ፖሊሶች ከተገደሉ በኋላ የግዛቱ ሕግ አውጪ ምክር ቤት በ2017 ሕጉን አጠበቀው፤ ከዚያ ወዲህ ያው ሕመም ሥራውን በሕግ አግባብ እየፈጸመ ባለ ፖሊስ ላይ ሲደርስ የሁለተኛ ደረጃ «ፌሎኒ»፣ ማለትም ከባድ ወንጀል፣ ሆኖ ከ2 እስከ 20 ዓመት ያስቀጣል። ገዳይ መሣሪያ ሲጨመርበት ደግሞ የአንደኛ ደረጃ ፌሎኒ ይሆንና ከ5 እስከ 99 ዓመት ወይም ዕድሜ ልክ ድረስ ይሄዳል። በመሣሪያው መገልገሉ በፍርዱ ላይ ከተረጋገጠ አመክሮ ለመጠየቅ እንኳ የእስራቱን ግማሽ ወይም 30 ዓመት፣ ከሁለቱ ያነሰውን፣ መጨረስ ግዴታ ነው። እንግዲህ ወንድምዎን እዚህ ከፍታ ላይ ያወጣችው መኪናዋ ናት፤ መከላከያውም ዋና ጉልበቱን ማዋል ያለበት በእርሷ ላይ ነው።

ብዙ ቤተሰብ ጉልበቱን የሚጨርሰው በሌላ ቦታ ነው። «ፖሊስ መሆኑን አላወቀም» የሚለው ክርክር በዚህ ጉዳይ ብዙ አያራምድም፤ ሕጉ ጥቃቱ የተፈጸመበት ሰው የመንግሥት ሠራተኛ መሆኑን ተከሳሹ ማወቅ አለበት ቢልም፣ ሰውየው የታወቀ የደንብ ልብስ ወይም መለያ ለብሶ ከሆነ እንዳወቀ ይገመታል። «ውረድ ሊለው አይገባም ነበር» የሚለውም እንዲሁ ነው። የፌዴራሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1977 በፔንሲልቬንያ እና ሚምስ መዝገብ በትራፊክ ጥፋት በሕግ አግባብ የቆመን አሽከርካሪ ፖሊስ ከመኪናው እንዲወርድ ማዘዝ እንደሚችል ወስኗል፤ የማይሠራ የኋላ መብራትም ለማስቆም የሚበቃ ምክንያት ነው። ከዚህ አልፎ ቴክሳስ በአንቀጽ 9.31 ፖሊስ መሆኑ የታወቀ ሰው የሚፈጽመውን መያዝ፣ መያዙ ከሕግ ውጭ ቢሆን እንኳ፣ በኃይል መቋቋምን አትፈቅድም። መብት የተጣሰበት ሰው መከራከሪያ ቦታው ፍርድ ቤት እንጂ መንገድ ዳር አይደለም፤ ይህ አሠራር ፍትሐዊ ነው ወይ በሚለው ላይ የራሴ ጥያቄ ቢኖረኝም ሕጉ ግልጽ ነው፣ ልጆቻችንም መሪ ከመጨበጣቸው በፊት ሊያውቁት ይገባል።

በዚያው አንቀጽ ውስጥ አንድ ጠባብ በር አለ። ተከሳሹ ምንም ዓይነት መቋቋም ከማሳየቱ በፊት ፖሊሱ ከሚያስፈልገው በላይ ኃይል ከተጠቀመ ወይም ሊጠቀም ከሞከረ፣ ራስን መከላከል ይፈቀዳል። በመስኮት እጅ አስገብቶ መጎተት እዚህ ላይ ሊያከራክር ይችላል። ሆኖም ጠበቃው ይህን በር ለመክፈት ከመወሰኑ በፊት ደጋግሞ ማሰብ ይኖርበታል፤ ምክንያቱም በቴክሳስ ራስን መከላከል የሚለው መከራከሪያ በአብዛኛው «አዎን አድርጌዋለሁ፣ ያደረግሁት ግን በዚህ ምክንያት ነው» ብሎ ድርጊቱን ማመንን ይጠይቃል። «መኪናው የሄደው ሳልፈልግ ነው» የሚል ሰው «ራሴን ለመከላከል ነዳሁት» ሊል አይችልም። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ ግድ ነው፤ እርስዎ እንደነገሩኝ ከሆነ የመጀመሪያው የበለጠ እውነትም፣ የበለጠ ጠንካራም ይመስለኛል።

ለምን ጠንካራ እንደሆነ ላስረዳ። የግዛቱ ሕግ በአንቀጽ 6.01 ማንም ሰው በፈቃዱ ላላደረገው የአካል እንቅስቃሴ በወንጀል እንደማይጠየቅ ይደነግጋል። አንድ ሰው ማርሹ ሳይወጣ ፍሬን ረግጦ ተቀምጦ ሳለ ትከሻው በኃይል ቢጎተትና እግሩ ከፍሬኑ ቢለቀቅ፣ መኪናው ወደ ፊት መሄዱ የእርሱ የፈቃድ ድርጊት ነው ወይ የሚለው እውነተኛ ጥያቄ ነው። ፍሬኑን ለቅቆ ነዳጅ ከረገጠ ደግሞ መልሱ ሌላ ይሆናል። ይህን የሚለየው የማንም ትዝታ ሳይሆን ቪዲዮው ነው፤ የፖሊሱ የደረት ካሜራ፣ የፖሊስ መኪናው ካሜራ፣ በአቅራቢያው ያለ የነዳጅ ማደያ ወይም ሱቅ ካሜራ ሁሉ ይፈለጋሉ። የሱቆቹ ቀረጻ ቶሎ ስለሚጠፋ ጠበቃው ወይም መርማሪው በዚህ ሳምንት በደብዳቤ እንዲጠብቁት መጠየቅ አለበት። በቪዲዮው ላይ ከፖሊሱ እጅ ይልቅ የሚሠራውን የፍሬን መብራት ተመልከቱ ብዬ እመክራለሁ፤ መብራቱ የጠፋው ጉተታው ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ሞተሩ ድምፅ ጨምሯል ወይስ መኪናው ዝም ብሎ ተንሸራቷል? በብዙ አዳዲስ መኪኖች ውስጥ ያለው የመረጃ መመዝገቢያም ፍሬንና ነዳጅ መቼ እንደተረገጡ ይዞ ሊገኝ ስለሚችል፣ መኪናዋ በፖሊስ ግቢ ካለች ሳትሸጥና ሳትጠገን እንድትቆይ ያስደርጉ።

ዐቃቤ ሕጉ የያዘውን ማስረጃ ለመከላከያ የማሳየት ግዴታ አለበት፤ ይህን ግዴታ ያሰፋው በ2013 የወጣውና የማይክል ሞርተን ሕግ የሚባለው ነው፤ ሰውየው ባልሠራው ግድያ ወደ 25 ዓመት ገደማ ከታሰረ በኋላ ነጻ የወጣ የቴክሳስ ሰው ነበር። በዚህ ሕግ መሠረት ጠበቃው ቪዲዮውን ለወንድምዎ ሊያሳየው ይችላል፣ ቅጂውን ግን ሊሰጠው አይፈቀድለትም፤ ጠበቃው ቅጂ አልሰጥም ሲል ችላ ስላላችሁ እንዳይመስላችሁ።

ከድርጊቱ ቀጥሎ የሚመጣው ሐሳቡ ነው። ክሱ የተመሠረተው «በማስፈራራት» ከሆነ ዐቃቤ ሕጉ ወንድምዎ ፖሊሱን ለማስፈራራት አስቦ ወይም ይህን እንደሚያደርግ እያወቀ እንደነዳ ማስረዳት አለበት። «ጉዳት በማድረስ» ከሆነ ግን ግዴለሽነት ይበቃል፤ ይኸውም ከፍተኛና ተገቢ ያልሆነ አደጋ እንዳለ እያወቀ ችላ ብሎ ማድረግ ነው። ሳያውቅ በቸልተኝነት መሳሳት ለዚህ ክስ አይበቃም። ስለዚህ ጠበቃውን በመጀመሪያ ቀጠሮ «ክሱ ከሁለቱ መንገዶች በየትኛው ነው የተጻፈው?» ብለው ይጠይቁት። ፌሎኒ በመሆኑ ጉዳዩ ለችሎት ከመቅረቡ በፊት 12 አባላት ላሉት ግራንድ ጁሪ፣ ማለትም ክሱ ይቀጥል ወይስ ይቅር ብሎ ለሚወስን የዜጎች ጉባኤ፣ ይቀርባል፤ ክሱ እንዲጸድቅ የ9ኙ ድምፅ ያስፈልጋል። በቴክሳስ የመከላከያ ጠበቆች ከዚያ በፊት ማስረጃና ደብዳቤ አዘጋጅተው ለግራንድ ጁሪው እንዲደርስ መላክ የተለመደ ነው፤ የአንደኛ ደረጃው ክስ ዝቅ ከሚልባቸው ጊዜያት አንዱም ይህ ስለሆነ ጠበቃው ሊያልፈው የሚገባ ዕድል አይመስለኝም።

የቋንቋውም ነገር እዚህ ውስጥ ይገባል። ወንድምዎ መዘግየቱ እምቢታ ነበር ወይስ አለመረዳት የሚለው ስለ ሐሳቡ የሚናገር ማስረጃ ነው። በግዛቱ የሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 38.30 መሠረት እንግሊዝኛ ለማይረዳ ተከሳሽ ቃለ መሐላ የፈጸመ አስተርጓሚ ይመደብለታል። «ትንሽ ትንሽ ይገባኛል» ብሎ በትሕትና አስተርጓሚ እንዳይተው ይምከሩት፤ በችሎት ያለ አስተርጓሚ ሁሉንም ሲመልስ የታየ ሰው፣ በዚያ ሌሊት ትእዛዙ አልገባኝም ነበር ሲል ለማመን ይከብዳል።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ከሁሉም በላይ ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም በጎ ዜና ሆኖ የሚቀርብ ነገር ነው። ዲፈርድ አጁዲኬሽን ማለት ተከሳሹ ጥፋተኛ ነኝ ወይም አልከራከርም ብሎ፣ ዳኛው ግን የጥፋተኝነት ውሳኔውን አዘግይቶ በፕሮቤሽን፣ ማለትም ከእስር ቤት ውጭ በግዴታና በቁጥጥር ሥር፣ ሲያቆየው ነው። ፕሮቤሽኑ ለፌሎኒ እስከ 10 ዓመት ሊሄድ ይችላል፤ በሰላም ከጨረሰ ክሱ ይዘጋል፣ በቴክሳስ ሕግም ተፈረደበት አይባልም። በመካከል ግዴታውን ከጣሰ ግን ዳኛው የዘገየውን ውሳኔ ሰጥቶ ከ5 ዓመት እስከ ዕድሜ ልክ ያለውን ማንኛውንም ቅጣት ሊወስን ይችላል። የአሜሪካ ዜጋ ለሆነ ሰው ይህ ብዙ ጊዜ ጥሩ ስምምነት ነው። ግሪን ካርድ ላለው ሰው ግን ሌላ ሕግ አለ። የፌዴራሉ የኢሚግሬሽን ሕግ አንድ ሰው ጥፋቱን ካመነ ወይም ካልተከራከረና ዳኛው በነጻነቱ ላይ ማንኛውንም ገደብ ከጣለበት፣ ግዛቱ ምንም ቢለው፣ እንደተፈረደበት ይቆጥረዋል። ፕሮቤሽን ገደብ ነው። ክሱ ከ10 ዓመት በኋላ ቢዘጋም በኢሚግሬሽን ፊት ፍርዱ አለ።

ይህ ለወንድምዎ ምን ማለት እንደሆነ ከራሱ ሁኔታ አንጻር እንየው። ወደ አገሪቱ በገባ በ5 ዓመት ውስጥ ለተፈጸመና 1 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ እስራት ሊያስከትል ለሚችል፣ ሕጉ ከሥነ ምግባር የራቀ ብሎ ለሚፈርጀው ወንጀል ጥፋተኛ መባል ለመባረር ምክንያት ነው፤ እርሱ ደግሞ ገና አራተኛ ዓመቱ ነው፣ በገዳይ መሣሪያ የሚፈጸም ጥቃትም ብዙ ጊዜ በዚያ ምድብ ይታያል። እንደዚህ ሲሆን ግሪን ካርድ ያላቸው ሰዎች ዳኛውን ለምነው ሊያገኙት የሚችሉት ምሕረት ቢያንስ 7 ዓመት በአገሪቱ መኖርን ስለሚጠይቅ ለእርሱ ላይደርስለት ይችላል። ወንጀሉ የኃይል ወንጀል ከተባለና የተወሰነው እስራት 1 ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ደግሞ፣ ያ እስራት በገደብ ቢታለፍና አንድ ቀን ባይታሰርም እንኳ፣ ማንኛውም ዓይነት ምሕረት ከሞላ ጎደል የሚዘጋበት ምድብ ውስጥ ይገባል። በዚህ ምክንያት 365 ቀንና 364 ቀን በወንጀል ችሎት አንድ ዓይነት ቢመስሉም በኢሚግሬሽን ችሎት ልዩነታቸው የአንድ ሕይወት ያህል ነው።

የተመደበለት ጠበቃ ይህን የመንገር ግዴታ አለበት፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2010 በፓዲያ እና ኬንታኪ መዝገብ፣ ጥፋትን ማመን ዜግነት ለሌለው ሰው የመባረር አደጋ ይኑረው አይኑረው ማስረዳት የጠበቃው ሕገ መንግሥታዊ ግዴታ ነው ብሏል። ዳኛውም እምነት ክህደቱን ከመቀበሉ በፊት «ዜጋ ካልሆንክ ልትባረር ትችላለህ» ብሎ ያስጠነቅቃል፤ ያ ማስጠንቀቂያ ግን ለሁሉም የሚነበብ አጠቃላይ ቃል ስለሆነ ምክርን አይተካም። ስለዚህ ምንም ነገር ከመፈረሙ በፊት የወንጀሉ ጠበቃ ከኢሚግሬሽን ጠበቃ ጋር እንዲመካከርና ምክሩን በጽሑፍ እንዲሰጣችሁ ይጠይቁ። ጥያቄው ጠበቃውን የሚያስቀይም አይደለም፣ በሥራው የተለመደ ነው።

ጥያቄውም «እንቀበል ወይስ አንቀበል» ከሚለው ወደ «የትኛውን ወንጀል ነው የምንቀበለው» ወደሚለው ይዞራል። ቪዲዮው እርስዎ እንዳሉት ከሆነ ጠበቃው ክሱ ወደ አንቀጽ 38.03፣ ማለትም መያዝን በኃይል መቋቋም፣ ወይም ወደ አንቀጽ 22.05፣ ማለትም በግዴለሽነት ሌላውን ለከባድ አደጋ ማጋለጥ፣ እንዲወርድ መደራደር ይችላል። ሁለቱም በመሠረታዊ መልካቸው ሚስዲሚነር ናቸው። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2021 በቦርደን መዝገብ ተመሳሳይ ቃላት ያሉትን ሌላ ድንጋጌ ሲተረጉም ግዴለሽነት ብቻ የሚበቃው ወንጀል የኃይል ወንጀል እንደማይባል ስለወሰነ፣ ክሱ በየትኛው ቃል እንደተጻፈና በእምነት ክህደቱ ቃል ላይ ምን እንደተመዘገበ ከቅጣቱ ርዝመት እኩል ይመዝናል። የገዳይ መሣሪያው ቃል ከመዝገቡ መውጣቱም እንዲሁ የድርድሩ አካል መሆን አለበት።

ይህን ለሚያነቡ ሌሎች ወገኖች አንድ ነገር ልጨምር። በጥር 2025 መጨረሻ የተፈረመው የሌከን ራይሊ ሕግ፣ ያለ ፈቃድ የገቡ ወይም ሕጋዊ ሰነድ የሌላቸው ሰዎች በፖሊስ ላይ ጥቃት በማድረስ ገና ተይዘው ወይም ተከስሰው ሳሉ፣ ፍርድ ሳይሰጥ፣ በኢሚግሬሽን እስር እንዲቆዩ ያስገድዳል። ወንድምዎ በሕጋዊ መንገድ ገብቶ ግሪን ካርድ ስላለው ይህ ድንጋጌ እርሱን አይመለከትም፤ በአንድ ቤት ውስጥ ግን የተለያየ ሰነድ ያላቸው ሰዎች ስለሚኖሩ የአንዱን ጉዳይ ለሌላው መለኪያ አያድርጉ።

ወንድምዎ በዋስ ሲወጣም ጉዳዩ እስኪያልቅ፣ ካለቀም በኋላ የኢሚግሬሽን ጠበቃ ሳያይለት፣ ለሰርግም ሆነ ለለቅሶ ወደ አዲስ አበባ እንዳይበር። የዋስትናው ግዴታ ከግዛቱ እንዳይወጣ ሊከለክለው ይችላል፤ ያ ባይኖር እንኳ እንዲህ ያለ ፍርድ ያለበት የግሪን ካርድ ባለቤት ሲመለስ በአውሮፕላን ማረፊያው እንደ አዲስ መግባት እንደሚጠይቅ ሰው ሊታይና ሊያዝ ይችላል። ወደ ጠበቃው ሲሄዱ መጀመሪያ የገባበትን ቀን የሚያሳየውን ማኅተም፣ የግሪን ካርዱን ሁለቱንም ገጾችና ካርዱን ያገኘበትን መንገድ የሚያስረዳ ወረቀት ይዘው ይሂዱ፤ ከላይ ያልኩት የ5 ዓመት ስሌት የሚቆጠረው ከዚያ ቀን ነው።